ከሆያ ሆዬ እስከ ጊልድ፦ ስልካችሁ ላይ ያለው ጌም ዓይነቱ ምንድነው?

ቡሄ እየመጣ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ይህን ቃል ሰምቶ ልቡ የማይሞቅ ልጅ ማግኘት ይከብዳል፤ የከተማችን ስም ከበዓሉ ስም ጋር አንድ ነው። ጉና ጉሙን ለብሶ፣ ጅራፍ ከሰፈር ሰፈር ሲጮህ፣ ልጆች ዱላቸውን ይዘው ቡድን ይመሠርታሉ። እስቲ ያን ቡድን አስታውሱት። ድምፁ ያማረው አውራጅ ይሆናል፤ ሌላው ተቀባይ ነው። ውሻ የማይፈራው ፊት ፊት ይሄዳል፤ የሰው በር የሚያንኳኳው እሱ ነው። የሚታመነው ልጅ ደግሞ ሙልሙሉንና ብሩን ይይዛል። ብቻውን ሆያ ሆዬ የሚጨፍር የለም። ድርሻ አለ፣ ተራ አለ፣ በመጨረሻም ክፍፍል አለ። በክፍፍሉ የተጣላ ቡድን ደግሞ ለከርሞ አብሮ አይወጣም።

ዛሬ ስልካችሁ ላይ «ጊልድ» ወይም «ክላን» የምትሉት ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፊት ቆሞ ምቱን የሚቀበል «ታንክ» አለ፤ የቆሰለውን የሚያክም «ሂለር» አለ፤ ጠላትን የሚደበድብ አለ፤ የጋራውን ካዝና የሚጠብቅ አለ። የውሻው ነገር ወደ ድራጎን ተቀየረ እንጂ ጨዋታው የምናውቀው ነው።

ይሁን እንጂ በየቤቱ ያለው ጭቅጭቅ ሌላ ነው። እናት «ይሄ ስልክ ልጄን በላብኝ» ትላለች። ልጁ «ኧረ እማዬ ጌም ብቻ ነው» ይላል። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ይመስላቸዋል፤ ግን አይደለም። «ጌም» የሚለው ቃል ዛሬ እንደ «ምግብ» ሰፊ ሆኗል። ሰው ምግብ በላ ስትሉ ሽሮ ይሁን ብስኩት አታውቁም። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው፦ ጌም ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ መጨቃጨቅ ይብቃ፤ መጠየቅ ያለበት «ዓይነቱ ምንድነው? ገንዘቡንስ ከየት ነው የሚያገኘው?» የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ ደግሞ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ነገሩ በጽሑፍ ነው የጀመረው

ብዙ ሰው የሚጫወታቸው ፐብጂ ሞባይልና ፍሪ ፋየር በዛሬው ርዕሳችን ውስጥ በቀጥታ አይገቡም። እዚያ አንድ ዙር ገብታችሁ ትዋጋላችሁ፣ ትሞታላችሁ ወይም ታሸንፋላችሁ፣ ከግማሽ ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ያ ሜዳ ይፈርሳል። እኛ የምናወራው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ኤምኤምኦአርፒጂ» ስለሚባለው ነው፦ ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ የሚኖርበት፣ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ የሚያሳድግበት፣ እናንተ ስልካችሁን አጥፍታችሁ ስትተኙም ሥራውን የማያቆም ዓለም። ጠዋት ስትመለሱ ገበያው ውሎ አድሯል፣ ዋጋ ተቀይሯል፣ ጎረቤት መሬታችሁን ወስዶ ሊሆን ይችላል።

የገጸ ባሕርይ ጨዋታ አሜሪካ ውስጥ በወረቀትና በዳይስ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በሚል ስም ነው። በእርግጥ ሰው ሆኖ መጫወትን ከማንም አልተማርንም፤ ዕቃ ዕቃ ተጫውቶ «እኔ አባት፣ አንቺ እናት» ያላለ ማን አለ? ወረቀቱ የጨመረው ሕግና ቁጥር ነው፦ ጉልበትህ ይህን ያህል፣ ልምድህ ይህን ያህል።

ከአራት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትሩብሾ የተባለ ተማሪ ይህን ወደ ኮምፒውተር አመጣው፤ ሪቻርድ ባርትል የተባለው ጓደኛው ደግሞ ቀጠለበት። ስሙን «ማድ» አሉት። ሥዕል የለውም፣ ድምፅ የለውም። «ጠባብ መንገድ ላይ ቆመሃል፤ በስተምሥራቅ ጫካ አለ» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ይመጣል፤ «ወደ ምሥራቅ» ብለህ ትጽፋለህ፤ ሌላ ሰው ከሌላ ቦታ ገብቶ እዚያው ጫካ ውስጥ ታገኘዋለህ። በቃ ይኸው ነው። ግን ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱት ነበር።

ይህን ነጥብ ያዙልኝ። የመጀመሪያው የኦንላይን ዓለም የተሠራው በሁለት ተማሪዎች ነው፤ የፈለገውም ዛሬ አንድ የቴሌግራም መልእክት ከሚወስደው የማይበልጥ መስመር ነው። ኔትወርኩ «ቱ ጂ» ላይ ሲወርድባችሁ እንኳ የሚሠራ ጨዋታ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ሥዕል መጣ፣ ንጉሡም ሞተ

እ.ኤ.አ. በ1996 «መሪዲያን 59» በሥዕል ታጅቦ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት «አልቲማ ኦንላይን» መጣ። የዚህ ጨዋታ ፈጣሪ ሪቻርድ ጋሪዮት በራሱ ዓለም ውስጥ «ሎርድ ብሪቲሽ» የሚባል ንጉሥ ነበር፤ እንዳይሞት ሆኖ የተሠራ ንጉሥ። ጨዋታው ገና በሙከራ ላይ እያለ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1997፣ ንጉሡ ሕዝቡን ሊያናግር በወጣበት አንድ ተራ ተጫዋች እሳት ጥሎ ገደለው። መከላከያውን ማብራት ተረስቶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዘጋጆች አንድ ነገር ተማሩ፦ ሰው የበዛበት ዓለም ውስጥ ደራሲው ያልጻፈው ነገር ይፈጸማል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ኮሪያ «ሊኒጅ»ን አወጣች። ኮሪያውያን ቤታቸው ሳይሆን «ፒሲ ባንግ» በሚሉት ቤት ተሰብስበው በሰዓት እየከፈሉ ነበር የሚጫወቱት። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ከጆተኒ ቤት ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ከዚያም ወደ ስልክ የመጣን ትውልድ ነን። ልዩነቱ ኮሪያ ቤቶቹን አልዘጋቻቸውም፤ ከእነሱ ውስጥ በዓለም የታወቀ የጌም ኢንዱስትሪና ፕሮፌሽናል ተጫዋች አወጣች።

እ.ኤ.አ. በ1999 «ኤቨርክዌስት» ወጣ፤ ሱሱ ከመበርታቱ የተነሣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ስሙን ከአደንዛዥ ዕፅ ስም ጋር አዳቅለው ያላግጡበት ነበር። በ2001 አንድሩ ጋወር የተባለ የካምብሪጅ ተማሪ ከወንድሙ ጋር ሆኖ «ሩንስኬፕ»ን አወጣ፤ ምንም ሳይጫን በብራውዘር ይከፈት ስለነበር አቅም የሌለው ኮምፒውተር ያላቸው ልጆች ሁሉ ገቡበት። በ2004 ደግሞ «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» መጣ። በ2010 ላይ በየወሩ የሚከፍሉ 12 ሚሊዮን ደንበኞች ነበሩት።

በዚህ ጨዋታ ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ትልቅ ጠላት ተጫዋቾችን የሚያሲዝ «የተበከለ ደም» የሚባል በሽታ ነበረው። በሽታው እዚያው ዋሻ ውስጥ እንዲቀር ነበር የታሰበው፤ ግን በተጫዋቾች የቤት እንስሳት በኩል ወደ ከተማ ወጣ። ከተሞች በአስከሬን ተሞሉ። አንዳንዱ ሕሙማንን ሊያክም ሮጠ፣ አንዳንዱ ወደ ገጠር ሸሸ፣ አንዳንዱ ሆን ብሎ ሌላውን አስያዘ። የወረርሽኝ ተመራማሪዎች ሁኔታውን በሳይንስ መጽሔት ላይ ጻፉበት። ከ15 ዓመት በኋላ ኮቪድ ሲመጣ ያየነው ጠባይ እኮ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ «ጌም የሕፃን ነገር ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

ዓይነቱን መለየት

እሺ፣ ታሪኩን አየን። አሁን ስልክ ላይ ያለውን እንለየው። ሦስት ጥያቄ ይበቃል።

አንደኛው፦ መንገዱን ማን ይወስናል? አንዳንዱ ጨዋታ እንደ መዝናኛ ፓርክ ነው። አዘጋጁ ታሪኩን አሰናድቷል፤ ይህን ሥራ ጨርስ፣ ወደዚያ ሂድ፣ ሌቭልህ ከፍ ይላል። «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» እና «ፋይናል ፋንታሲ 14» ከዚህ ወገን ናቸው። ሌላው ግን እንደ ባዶ ሜዳ ነው፤ ታሪኩን የሚሠሩት ተጫዋቾቹ ናቸው። የአይስላንዱ «ኢቭ ኦንላይን» ከ2003 ጀምሮ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በዚያ ጨዋታ ውስጥ ከ7,000 በላይ ተጫዋቾች የተካፈሉበት አንድ ውጊያ ተደርጎ ከ300,000 ዶላር በላይ የሚገመት መርከብ ወደመ። «አልቢዮን ኦንላይን» ከዚህ ወገን ነው፤ ከ2021 ጀምሮ በስልክም ይሠራል። እዚያ ልብስህን የሚሰፋው፣ ሰይፍህን የሚቀጠቅጠው ሌላ ተጫዋች ነው። በአንዳንድ አካባቢ ከሞትክ ደግሞ የያዝከውን ሁሉ ገዳይህ ይወስደዋል።

ሁለተኛው፦ ከማን ጋር ነው የምትጋጠሙት? ከማሽን ጋር ወይስ ከሰው ጋር? ከማሽን ጋር የሚደረገው ብዙ ጊዜ ትብብር ያስተምራል። ከሰው ጋር የሚደረገው ደም ያፈላል፤ ይጣፍጣል፣ እንቅልፍም ይነሣል። ያ የ«ማድ» ሠሪ ሪቻርድ ባርትል እ.ኤ.አ. በ1996 ተጫዋቾችን በአራት ከፍሎ ነበር፦ ውጤት የሚሰበስቡ፣ ዓለሙን የሚያስሱ፣ ወዳጅ የሚፈልጉ፣ ሌላውን ማሸነፍ የሚሹ። ራሳችሁን ፈልጉበት። ወዳጅ ፈላጊ የሆነ ልጅ ገዳይ የበዛበት ሜዳ ውስጥ ገብቶ በየቀኑ ተናዶ ከወጣ፣ ጥፋቱ የጌም ሳይሆን የምርጫ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ድሮ በየወሩ 15 ዶላር ገደማ ይከፈል ነበር። ይህ ለእኛ ውድ ነው፤ ግን ግልጽ ነው፤ ከፍለህ ትገባለህ፣ አለቀ። አሁን ስልክ ላይ ያሉት አብዛኞቹ «ነፃ» ናቸው። ነፃ የሆነ ነገር ግን ገንዘቡን ከሆነ ቦታ ማግኘት አለበት። አንዳንዱ ልብስና ጌጥ ብቻ ይሸጣል፤ ይህ ችግር የለውም፤ አለመግዛት ትችላላችሁ። አንዳንዱ ጉልበት ይሸጣል፤ የከፈለ ያሸንፋል፣ ያልከፈለ የእሱ ኢላማ ይሆናል። የባሰው ደግሞ ምን እንደሚወጣ የማይታወቅ ሣጥን ይሸጣል። ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ሣጥን ቁማር ነው ብላ ከልክላለች። ከቤቲንግ ቤት ልጇን የምታስወጣ እናት፣ ቤቲንጉ ልጁ ኪስ ውስጥ ገብቶ መምጣቱን ላታውቅ ትችላለች።

እኔም የዚህ ነገር ቅጣት ቀምሻለሁ። አንድ ጊዜ በቴሌግራም «ርካሽ ዩሲ እንሞላለን» ከሚል ሰው ላይ ልገዛ 300 ብር በቴሌብር ላክሁ። ብሩ ሄደ፣ ሰውዬውም ብሎክ አድርጎኝ ሄደ። ለማን አቤት እላለሁ? ጓደኛ «አይዞህ ጀለስ፣ ትምህርት ነው» አለኝ። ትምህርቱ ውድ ነበር። ስለዚህ ለእናንተ በነፃ ልስጣችሁ፦ ከጨዋታው ከራሱ ሱቅ ውጭ አትግዙ፤ አካውንት በብር የሚሸጥላችሁን አትመኑ። ነገ ባለቤቱ ነኝ ብሎ መልሶ ይወስደዋል።

ሌሎች ደግሞ ጌሙን እንጀራ ለማድረግ ያስባሉ። በኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ብዙ ቬንዙዌላውያን «ሩንስኬፕ» ውስጥ ወርቅ እየሰበሰቡ ለውጭ ተጫዋች በዶላር ሲሸጡ ኖረዋል። ሐሳቡ ያጓጓል። ግን ኩባንያዎቹ ይህን ይከለክላሉ፤ ሲደርሱበት አካውንቱን ይዘጋሉ፤ የወራት ልፋት በአንድ ቀን ይጠፋል። ሥራው ራሱ በቀን ስንት ሰዓት አንድ ጠላት ደጋግሞ መግደል ነው። የቀን ሠራተኛነት ነው፤ ያውም ውል የሌለው።

ኔትወርክ ሲሄድ ማን ይጎዳል?

አሁን ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ። እዚህ የሚጫወት ልጅ ከአዲስ አበባው ጋር እኩል ሜዳ ላይ የቆመ አይደለም። ሰርቨሩ ብዙ ጊዜ አውሮፓ ወይም መካከለኛው ምሥራቅ ነው፤ እዚህ የተነካው ስክሪን እዚያ እስኪደርስ ጠላት ቀድሞ ይመታል። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ አብሮ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም የኖርንበት ነው።

«ሰው በሚሞትበት ጊዜ ስለ ጌም ታወራለህ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚበልጥ ሐዘን እንዳለ ማንም አይክድም። ነገር ግን ትምህርት የተስተጓጎለበት፣ ከሰፈር መውጣት የሚያስፈራው፣ ጓደኞቹ የተበተኑበት ልጅ የሚገናኝበት አንድ ቦታ ቢኖር ያ የስልክ ዓለም ነበር። ጊልድ ውስጥ ሰው የሚፈለገው በድርሻው ነው። ሂለሩ ሳይነግራቸው ከጠፋ ቡድኑ ይሸነፋል። አንድ ልጅ ወራት ቆይቶ ሲመለስ ቦታው በሌላ ተይዞ፣ «የት ጠፋህ?» ሲሉት ከየት ጀምሮ እንደሚያስረዳ ሲጨንቀው፣ ያጣው ሌቭል ብቻ አይደለም፤ ሰው ነው። የኢንተርኔት መቆራረጥን ስንቆጥር የባንክና የንግድ ኪሳራ ብቻ መቁጠር የለብንም። የወጣት ወዳጅነትም ይቆጠር።

በሌላ በኩል ራሳችንን አንሸንግል። ማኅበራዊ ዓለም ስለሆነ ብቻ ሱስ አይሆንም ማለት አይደለም። እንዲያውም የማይዘጋ ዓለም መሆኑ ነው አደጋው፤ ዙር የለውም፣ ፊሽካ የለውም፣ «ጨዋታው አለቀ» የሚል የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገቡ የጌም ሱስን አካቷል። መለኪያው የሰዓት ብዛት ሳይሆን ሌላ ነው፦ ማቆም ሲያቅት፣ ከሌላው ሕይወት ሁሉ ጌሙ ሲቀድም፣ ጉዳቱ እየታየም ሲቀጥል፤ ይህም በአብዛኛው ለ12 ወር ያህል ሲዘልቅ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ቀን አንዳንድ ሰዓት ብቻ እንዲጫወቱ አዝዛለች። እኛ እንዲህ ያለ ሕግ ያስፈልገናል አልልም። ሕጉ ከቤት ቢወጣ ይሻላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ለተጫዋቾች፦ ከማውረዳችሁ በፊት ሦስቱን ጥያቄ ጠይቁ። ዳታን በተመለከተ፣ ጨዋታው ራሱ ከቪዲዮ ያነሰ ነው የሚበላው፤ ፓኬጃችሁን የሚጨርሰው ማውረዱና አፕዴቱ ነው። እሱን ዋይፋይ ባለበት ጨርሱት። ዙር የሌለው ጨዋታ ከሆነ ፊሽካውን ራሳችሁ ንፉ፤ ለጊልዱ «እስከ 3 ሰዓት ነኝ» ብላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ቃሉን የሰጠ ሰው ሲወጣ አያፍርም።

ለወላጆች፦ ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «አንተ እዚያ ውስጥ ሥራህ ምንድነው?» መልሱ ብዙ ይነግራችኋል። «አክማለሁ» ወይም «ዕቃ እሠራለሁ» ካላችሁ ልጁ ከሰዎች ጋር ነው ያለው። «ሣጥን እከፍታለሁ» ካላችሁ ግን ያኔ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

ለዩኒቨርሲቲያችንና ለወጣት ማዕከላት ደግሞ ይህ ነው መልእክቱ፦ የመጀመሪያዎቹን ዓለሞች የሠሩት ተማሪዎች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ ገበጣችንን ወደ ስልክ አምጥቶ ይቻላል ብሎ አሳይቷል። የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናን የወሰዱ ወጣቶች እዚህም አሉ። የጎደለን ታሪክ አይደለም። ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡበት። ያን መድፍ በዚያ ተራራና ገደል እስከ መቅደላ ለማድረስ ስንት ሰው ጎተተ፣ ስንቱ መንገድ ጠረገ፣ ስንቱ ስንቅ ተሸከመ? ለአንድ ቡድን ከዚህ የበለጠ ተልእኮ የትኛው ደራሲ ያስባል? ለዚያ ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ ሥዕል አያስፈልግም። በአማርኛ ጽሑፍ ብቻ፣ በደካማ ኔትወርክ የሚሠራ፣ ሃያ ልጆች የሚገቡበት ዓለም ሁለት ተማሪ ሊጀምረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1978 የሆነው ይኸው ነበር።

እስከዚያው ግን ነሐሴ 12 ማታ ስልካችሁን ቤት ትታችሁ ውጡ። ሌቭላችሁ የትም አይሄድም። ታንኩ በር ያንኳኳ፣ አውራጁ ያውርድ፤ ሙልሙሉን የያዘው ልጅ ደግሞ በክፍፍሉ ሰዓት እንዳይሰወር ዓይናችሁን ከእሱ ላይ አትንቀሉ።